የኅትመት ዓመቱ የማይታወቅ የፕሮግራም መጽሐፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ወጣቶች የኮዲንግ ሥልጠና የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጉጉት ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። የ«አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ይፋ ከሆነ ወዲህ ጉዳዩ ከባለሙያዎች አልፎ የየቤቱ ወሬ ሆኗል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ንግግሩ ሁሉ በኢንተርኔት ስለሚሰጡ ኮርሶችና ስለ ሰርተፍኬት በመሆኑ፣ በመሀል አዲስ አበባ ብዙ ተማሪ እስከ ዛሬ ይህን ሙያ የሚጀምርበት ሌላው መንገድ፣ መጽሐፍ፣ ጨርሶ የተረሳ ይመስላል። እኔ የምሠራው ባክ ኤንድ በሚባለው፣ ማለትም ከድረ ገጹ ጀርባ በሰርቨር ላይ የሚኖረውን ፕሮግራም በመጻፍ ሙያ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ሙያ ከመጽሐፍ ስለ መማር ጥቂት ልናገር። መጽሐፍ በዚህ ሙያ ጥሩ አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳስበኝ ግን ስንት ዓመት የሞላው መጽሐፍ እንደያዘ ሳያውቅ የሚማረው ሰው መብዛቱ ነው።

በቅድሚያ ለመጽሐፍ ልከራከር። አንድ ሰው በስልኩ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ጽፎ ሲጫን የሚሆነው ነገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቲም በርነርስ ሊ ከነደፈው በመሠረቱ አልተለወጠም። ብሮውዘሩ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ ጥያቄውን አንብቦ ለሚመለከተው ፕሮግራም ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ከዳታቤዝ (መረጃው ከሚቀመጥበት ቋት) አውጥቶ ገጹን ያዘጋጃል፤ መልሱም ተመልሶ ይላካል። ከዚያ ሰርቨሩ ደንበኛውን ይረሳዋል። መርሳቱ ብልሽት ሳይሆን ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ ሲፈጠር የተሰጠው ጠባይ ነው። በየጉዳዩ ሌላ ሠራተኛ የሚቀመጥበት የባንክ መስኮት ቢኖር፣ ደንበኛው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ካልቀረበ በቀር ማንም እንደማያውቀው ሁሉ፣ ሰርቨሩም ያው ሰው ተመልሶ መምጣቱን የሚያውቀው ብሮውዘሩ ይዞት በሚመጣው ቁራጭ ምልክት ነው። ይህ ቁራጭ ምልክት፣ ኩኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ የተፈጠረው ለዚሁ ነበር፤ ተጠቃሚው ገብቶ እስኪወጣ የሚታወቅበት ሴሽን የሚባለውም የተገነባው በዚሁ ላይ ነው።

ይህን ነገር በቅደም ተከተል፣ ተረጋግቶ፣ ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ቪዲዮ ያየሁት ጥቂት ነው። ቪዲዮ የት እንደሚጫን ያሳያል፤ መጽሐፍ ለምን እንደሚጫን ይናገራል። ሃያ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ እንኳ ስለ ጥያቄና መልስ፣ ገጽ በሚጠይቀው ጌትና መረጃ በሚልከው ፖስት መካከል ስላለው ልዩነት፣ ገጹ አልተገኘም ስለሚለው 404ና ሰርቨሩ ተሳስቷል ስለሚለው 500 መልእክት የጻፈው ምዕራፍ ዛሬም ሳይታረም ሊነበብ ይችላል። መብራት ሲሄድና የዳታ ጥቅል ሲያልቅ መጽሐፉ ከእጅ አለመጥፋቱ ደግሞ ሌላው ጥቅሙ ነው። ታዲያ ኮዱ በእጅ እየተጻፈ መማር አለበት፤ ከፒዲኤፍ ገልብጦ የሚለጥፍ ተማሪ መጽሐፉን ለማሳመር የገቡትን ጥምዝ የጥቅስ ምልክቶች አብሮ ስለሚገለብጥ፣ ፕሮግራሙ አልሠራም ሲለው ስሕተቱን በዓይኑ ሳያየው ግማሽ ቀን ያባክናል።

ችግሩ ያለው መጽሐፉ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ከውጭ የሚገባ አዲስ የፕሮግራም መጽሐፍ የአብዛኛውን ተማሪ አቅም ያልፋል። ስለዚህ ተማሪው ወይ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይገዛል፣ ወይ ከጓደኛው በፍላሽ የተቀበለውን ፒዲኤፍ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ወስዶ ያሳትማል። (አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን ዘንግቼ አይደለም፤ የቅጂ መብት ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ ለዛሬ ልለፈው።) ሒሳቡ የሚታሰበው በገጽ ነውና ተማሪው ጥቂት ብር ለማትረፍ «ከምዕራፍ አንድ ጀምርልኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ የሚቀሩት ሽፋኑ፣ መቅድሙና የኅትመት ዓመቱ የሰፈረበት ገጽ ናቸው። ስፓይራል ገብቶለትና የላስቲክ ሽፋን ተደርጎለት ሲወጣ መጽሐፉ ዕድሜ የለውም። ከዚያ በኋላ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከአንዱ ዶርም ወደ ሌላው ሲተላለፍ የትኛው ቅጂ የሃያ ዓመት፣ የትኛው የሦስት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

የልብ ወለድ አንባቢን ይህ ያን ያህል አይጎዳውም። ፒኤችፒ የተባለውን የባክ ኤንድ ፕሮግራም ቋንቋ የሚማረውን ግን ይጎዳዋል። ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ያደረገው ይህ ቋንቋ በብዙ ኮሌጆቻችን «ኢንተርኔት ፕሮግራሚንግ» በሚባለው ኮርስ እስከ አሁን የሚሰጥ ሲሆን፣ 5ኛው ሥሪት በ2004፣ 7ኛው በ2015፣ 8ኛው በ2020 ወጥተዋል። 6ኛው የት ሄደ ለሚል አንባቢ፣ ፒኤችፒ 6 ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በ2010 የተተወ ሥራ ነው። ይወጣል ተብሎ ይጠበቅ ስለነበረ ግን በሽፋናቸው ላይ «ፒኤችፒ 6» የሚል የታተመባቸው መጻሕፍት ቀድመው ገበያ ላይ ውለዋል፤ ያልተወለደ ሥሪት የሚያስተምር መጽሐፍ ገዝቶ ግራ የተጋባ ተማሪ ቢያጋጥማችሁ አይግረማችሁ። እኛን የሚያስቆጨን ደግሞ ሥራው በዋናነት የተጀመረው ዩኒኮድን (ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠውን ሥርዓት) በቋንቋው ውስጥ ከመሠረቱ ለማስገባት መሆኑ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

በአሮጌዎቹ መጻሕፍት ፕሮግራሙን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ትእዛዝ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» ነው። እሱና ቤተሰቦቹ ከፒኤችፒ 5.5 (እ.ኤ.አ. 2013) ጀምሮ አትጠቀሙባቸው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠባቸው፤ በ7.0 ጭራሽ ወጡ። ተማሪው ምዕራፉን አንድም ነጠላ ሰረዝ ሳያጎድል ጽፎ ሲያስኬደው ማሽኑ እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አላውቅም ይለዋል። አብዛኛው ተማሪ በዚህ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። መጽሐፉን በመጠርጠር ፈንታ ማሽኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ፒኤችፒ 5 ያለበትን የድሮ ዛምፕ (ፒኤችፒን፣ ሰርቨርንና ዳታቤዝን አንድ ላይ የሚጭን ጥቅል) ከኢንተርኔት ፈልጎ ይጭናል። የመጽሐፉ ምሳሌ ይሠራለታል፤ ደስም ይለዋል። የፒኤችፒ 5 የመጨረሻው ሥሪት፣ 5.6፣ የደኅንነት ጥገና የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ መሆኑን ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም።

የማይሠራ ምሳሌ እንኳን ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። የባሰው እየሠራ የሚጎዳው ነው። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ የተለመደውን የመግቢያ ገጽ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ፎርሙ ላይ ይሞላል፤ ፕሮግራሙም የተሞላውን ስም በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ከትቶ ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋ ከተጻፈው ትእዛዝ ጋር ይቀጥለውና «ስሙ ይህ፣ የይለፍ ቃሉም ይህ የሆነውን ተጠቃሚ አምጣ» ብሎ ለዳታቤዙ ይሰጣል። አንድ ተንኮለኛ በስሙ ቦታ ላይ ጥቅሱን ራሱ ዘግቶ «ወይም 1 ከ1 ጋር እኩል ከሆነ» የሚል ቢጨምርና የቀረውን የትእዛዙን ክፍል በማስታወሻ ምልክት ቢያስቀረው፣ ዳታቤዙ ምንጊዜም እውነት የሆነ ጥያቄ ስለቀረበለት የሌላ ሰው አካውንት ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ይህ ነው። መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል፤ ትእዛዙ ለስሙ ክፍት ቦታ ተትቶለት አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ተጠቃሚው የጻፈው ደግሞ ለብቻው ይላካል፣ ስለዚህ ምን ቢጻፍ እንደ ስም እንጂ እንደ ትእዛዝ አይነበብም። ፒዲኦ የተባለው መሣሪያ ይህን ይዞ ከፒኤችፒ 5.1 (እ.ኤ.አ. 2005) ጋር መጥቷል። አንዳንዶቹ መጻሕፍት ግን «ማጂክ ኮትስ» የተባለው የቋንቋው ባሕርይ በራሱ ይከላከልላችኋል ብለው ጉዳዩን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ያ ባሕርይ በ5.4 (2012) ስለተወገደ የመጽሐፉ ተስፋ ዛሬ ባዶ ነው።

የይለፍ ቃል አቀማመጥም እንዲሁ ነው። የድሮው መጽሐፍ ኤምዲ5 በተባለው፣ ጽሑፍን ተመልሶ ወደማይነበብ ኮድ በሚለውጥ ስልት ቀይራችሁ አስቀምጡ ይላል። ኤምዲ5 እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ሲሆን ለዚህ ሥራ የማይሆነው ፈጣን በመሆኑ ነው፤ ዛሬ አንድ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ግምት ሊሞክርበት ይችላል። ፒኤችፒ ከ5.5 ጀምሮ ሆን ተብሎ የዘገየ፣ «ፓስወርድ ሃሽ» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ አጠቃቀሙም ከኤምዲ5 ብዙ የሚከብድ አይደለም። ይህን ሁሉ የምለው ለክፍል ውስጥ መልመጃ ብዬ አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሆኖ የተሠራው የመግቢያ ገጽ በዓመቱ የአንድ ክሊኒክ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሲስተም ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለሥራ አመልካቾች በምንሰጠው ፈተና ላይም ኤምዲ5ን በልበ ሙሉነት የሚጠቅስ መልስ አሁንም ይመጣል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። መጽሐፋቸውን በሚገባ ያጠኑ ናቸው።

ጃቫ የሚማሩትም አልቀረላቸውም። ኦራክል ኩባንያ የጃቫን የኢንተርፕራይዝ (ለድርጅቶች ሥራ የሚያገለግለውን) ክፍል ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ካስረከበ በኋላ በስያሜ መብት ምክንያት በ«ጃቫኤክስ» ይጀምሩ የነበሩት የጥቅሎቹ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ «ጃካርታ» ተቀይረዋል። በጃቫ የተሠሩ ድረ ገጾችን የሚያስኬደውን ቶምካት 10ን ጭኖ የድሮ የሰርቭሌት (በሰርቨር ላይ ለጥያቄ መልስ የሚያዘጋጅ የጃቫ ፕሮግራም) መጽሐፍ የሚከተል ተማሪ የመጀመሪያው ምሳሌ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መስመሮቹ ላይ አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ፊደላችን ልመለስ፤ ምክንያቱም አዲስ የተባለውም መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ ብቻችንን ይተወናል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማስቀመጫ መለኪያ) ይይዛል። ፒኤችፒ «ስትርሌን» በሚባለው ፈንክሽን ርዝመት ሲጠየቅ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ፣ «አበበ» ብትሉት 9 ይላችኋል፤ 3 የሚለው «ኤምቢ ስትርሌን» ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ «ስም ከ20 ፊደል አይብለጥ» የሚለውን በመጀመሪያው ፈንክሽን ሠርቶት ከሆነ፣ ሰባት ፊደል ብቻ ያለው «ገብረመድኅን» 21 ተብሎ ከምዝገባው ይባረራል ማለት ነው። ስምን ከኤ እስከ ዜድ ባሉት የላቲን ፊደላት ብቻ የሚፈትሽ ምሳሌማ ሁላችንንም ያባርረናል። ዳታቤዙም የራሱ ጣጣ አለው። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0 (2018) ድረስ ካልተነገረው በቀር ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ላቲን1 በተባለው አጻጻፍ ስለነበረ፣ በአማርኛ የገባው ስም ሲወጣ ተርታ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ በኋላ ዋናውን ፊደል ማንም አይመልሰውም። የእንግሊዝኛ ምሳሌ ብቻ የሚሠራ ተማሪ ይህን የሚያየው ሲስተሙን ለባለቤቱ ባስረከበ ማግስት ነው።

ከዚህም ያለፈ አለ። የመጽሐፉ ፎርም የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛ ግን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው፣ የአባት ስምም ባልና ሚስት የሚጋሩት የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። እንደ መጽሐፉ በመጨረሻው ስም ተራ አስይዞ ዝርዝር የሚያወጣ ሲስተም፣ ታካሚውን በአያቱ ስም የሚፈልግ የካርድ ክፍል ይፈጥራል። ፍለጋውም ሌላ ፈተና ነው፤ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ የለችም ይባላል፤ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ በዳታቤዙ ውስጥ አዘጋጅቶ ፍለጋውን በዚያ ላይ ማድረግ እንደሚገባ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አይነግረንም፣ ሊነግረንም አይጠበቅበትም። የወር ምርጫው ላይ 12 ወር እንጂ ጳጉሜን የለችም፤ አይሲዩ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ግን የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፣ ፒኤችፒም «ኢንትል» በሚባለው ተጨማሪው በኩል ሊጠቀምበት ይችላል። የኦንላይን ሱቅ የሚያሠራው ምዕራፍ በክሬዲት ካርድ ክፍያ ይደመደማል፤ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ ደንበኛ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ምዕራፉ ግን መነበብ አለበት፤ የክፍያ ማረጋገጫው ከተጠቃሚው ብሮውዘር ሳይሆን ክፍያውን ከሚያስፈጽመው ድርጅት ሰርቨር በቀጥታ መምጣት እንዳለበት የሚያስተምረው ክፍል ለቴሌብርም ይሠራል።

«አሁን እኮ ኤአይ አለ፣ መጽሐፍ ምን ያደርጋል» የሚሉኝ አሉ። እኔም በሥራ ላይ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን የመለሰልኝ ኮድ ውስጥ ስሙ በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር ተቀጥሎ እንደሆነ ለማየት፣ መቀጠሉ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ዕውቀት የሚሰጠው አሁንም በጥሞና የተነበበ ምዕራፍ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቶ ኮፒ የሚያስደርግ ተማሪ ቢያንስ የኅትመት ዓመቱ ያለበትን አንድ ገጽ ያስጨምር። ዓመቱ የጠፋበት ቅጂ እጁ ላይ ያለ ደግሞ ምልክቶቹን ይመልከት፤ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» ወይም እንደ ማጂክ ኮትስ ከፒኤችፒ የተወገደውን «ረጂስተር ግሎባልስ» ካየ ያ መጽሐፍ ስለ ዳታቤዝና ስለ ደኅንነት የሚለውን አይከተል፤ ፓይተን የተባለውን ቋንቋ በሚያስተምር መጽሐፍ ላይ «ፕሪንት» ያለ ቅንፍ ተጽፎ ካገኘ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ያበቃውን ፓይተን 2ን እየተማረ ነው። መምህራን በኮርስ መግለጫቸው ላይ ዋቢ መጽሐፍ ሲያስቀምጡ የትኛው ምዕራፍ እንደሚታለፍ በአንድ መስመር ቢጽፉ ተማሪውን ከብዙ ድካም ያድኑታል። በአማርኛ የሚጽፉ ባለሙያዎችም አሉን፤ እስከ አሁን ያየኋቸው አብዛኞቹ የአማርኛ የኮምፒውተር መጻሕፍት ከመሠረታዊ አጠቃቀም ብዙም አይርቁም። ጀማሪ የሚያነበውን የፒኤችፒ መግቢያ እንደገና መተርጐም አያስፈልገን ይሆናል፤ ስለ ስማችን፣ ስለ ፊደላችን፣ ስለ ቀን አቆጣጠራችንና ስለ ክፍያችን ብቻ የሚናገር፣ ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ ጐን የሚቀመጥ ቀጭን መጽሐፍ ግን ገዥ የሚያጣ አይመስለኝም።

ቤተ መጻሕፍቶቻችንም ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆትም ሆነ ነባሩ ወመዘክር፣ በኮምፒውተር መደርደሪያቸው ላይ ባሉት መጻሕፍት ጀርባ የኅትመት ዓመቱን በትልቁ ቢለጥፉ አንባቢው ከመሳቡ በፊት ያየዋል። አሮጌውን ማስወገድ አያስፈልግም፤ ከላይ እንዳልኩት ግማሹ አላረጀም። ከጐኑ ግን ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። የፒኤችፒ፣ የፓይተንና በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራበት የጃንጎ ይፋዊ ማኑዋሎች ያለ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ሊነበቡ ይችላሉ፤ የፒኤችፒው ማኑዋል እያንዳንዱ ፈንክሽን በየትኞቹ ሥሪቶች እንደሚገኝና በየትኛው እንደተወገደ በገጹ ላይ ያሳያል። በንባብ አዳራሹ ውስጣዊ ኔትወርክ ላይ እነዚህን የያዘ አንድ ኮምፒውተር ቢቀመጥና በየመንፈቁ የሚያድሰው አንድ ሠራተኛ ቢመደብ፣ ተማሪው የመጽሐፉን ትእዛዝ እዚያው ፈልጎ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የባክ ኤንድ ፕሮግራም ባለሙያ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ